ወረቀት ላይ የቆመች መኪና

አትላንታ፣ ስኮትዴል
ኦክቶበር 6 ቀን 2024

ለመምህሬ ለጋሽ ብርሃኑ፤ አሰላ

ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? እኔና ቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ያህል ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ከርሜ ጉዳይ ሲኖረኝ ብቻ ብቅ ማለቴ እንደሚያሳፍረኝ ባለፈው ገልጬልዎ ነበር። እርስዎ ግን ስለ ይቅርታዬ አንድ ቃል ሳይናገሩ «ሂሳቡን ለምን እንደፈለግኸው ንገረኝ፤ ጊቭኑንም በሥርዓት ጽፈህ ላክ» ብለው መለሱልኝ። ሳነበው ሳቅሁ። ሠላሳ አምስት ዓመት አልፎም ያው ነዎት። ጆሮዎ ስልክ አልሰማ ማለቱን የእህትዎ ልጅ ሄራን ነግራኛለች። ደብዳቤያችንን በስልኳ ፎቶ እያነሳች ስለምታመላልስልን እግዜር ይስጥልኝ ይበሉልኝ።

እንግዲህ በጠየቁኝ መሠረት። ልጄ ሚካኤላ ከሦስት ሳምንት በፊት ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ እዚሁ ሰፈራችን አንድ ሰው መንገድ ላይ ገባባት። ሰውዬው ትንሽ ተጎድቷል። ፖሊስ መጥቶ ሰውዬው ከመሻገሪያው ውጭ ነበር ብሎ ጽፎ ሄደ፤ ለልጄ ቲኬት እንኳን አልሰጣትም። ነገሩ እዚያ ላይ ማብቃት ነበረበት። ግን ሰውዬው የኛው ሰው ነው፤ የምንስመው ቤተ ክርስቲያንም አንድ ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎች ገቡበት። ሚስቱ «እየበረረች ነው የመጣችው» ትላለች። ሚካኤላ ዘንድሮ ለሕክምና ትምህርት አመልክታለች፤ ስሟ በዚህ ነገር እንዲነሳ አልፈልግም። ሽማግሌዎቹ ሦስቱም የአሰላ ሰዎች ናቸው። የእርስዎን ስም ስጠራ «ብርሃኑ ሠርቶ ከፈረመበት አለቀ» አሉ። የፈለግሁት ለዚህ ነው።

ጊቭን፦ በመንገዱ ላይ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል ነው። አስፋልቱ ደረቅ ነበር። ሚካኤላ ፍሬን ስትይዝ ጎማዎቹ አስፋልቱ ላይ የጣሉት ጥቁር መስመር 56 ጫማ ነው። የጋራዤን ሜትር ይዤ ሄጄ ራሴ ሁለት ጊዜ ለክቼዋለሁ።

ሪኳየርድ፦ ፍሬን ከመያዟ በፊት የነበራት ፍጥነት።

አክባሪ ተማሪዎ
ሰርፀ


አሰላ
ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰርፀ

ጤናዬን ለጠየቅኸኝ፣ ዓይኔ ያው ነው፤ አንዱ ያያል፣ አንዱ ያግዘዋል። ስለ ዓይኔ አትጨነቅ።

እኔን ያስጨነቀኝ ያላችሁበት አገር ነው። ጨረቃ ላይ ወጥተው ሲያበቁ ዛሬም መንገድ በጫማ ይለካሉ። 56 ጫማ 17 ሜትር ነው። ሁለተኛ ጫማ ልከህ ማርክ እንዳትጠብቅ።

አሠራሩ ይኸውልህ። በደረቅ አስፋልት ላይ ጎማዋ የተያዘ መኪና ፍጥነቷ በየሰከንዱ በ7 ሜትር በሰከንድ ገደማ ይቀንሳል። ኔጌቲቭ አክስለሬሽን ያልኳችሁ ይህ ነው። የመጨረሻው ቬሎሲቲ ዜሮ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ቬሎሲቲ ስኩዌር ማለት ሁለት ጊዜ ሰባት ጊዜ አሥራ ሰባት ነው፤ 238። የዚህ ስኩዌር ሩት 15.4 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ተኩል መሆኑ ነው፤ በእናንተ ቋንቋ 34 ማይል ተኩል። ልጅህ ከተፈቀደው በታች ነበረች። በግማሽ ማይልም ቢሆን በታች በታች ነው።

ለሽማግሌዎቹ የሚሆነውን በሌላ ገጽ በንጹሕ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ሄራን ፎቶውን ሁለት ጊዜ አንስታዋለች፤ በመጀመሪያው አውራ ጣቷ ገብቶበት ነበር።

አንድ ነገር ጎድሏል። ሰውዬው ትንሽ ተጎድቷል ብለህ አለፍከው። ምኑ ነው የተጎዳው? ስሙስ ማን ይባላል? አትላንታ ያሉትን የአሰላ ልጆች ግማሹን በማርካቸው አውቃቸዋለሁ።

ብርሃኑ


አትላንታ፣ ስኮትዴል
ኦክቶበር 28 ቀን 2024

ጋሼ፣

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው። ወረቀትዎ ልጄን አወጣልኝ።

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱ ሽማግሌዎች፣ ሰውዬውና ሚስቱ እኔ ቤት ተሰበሰቡ። የላኩትን በትልቁ አሳትሜው ነበር። አንደኛው ሽማግሌ ፊዚክስ የሚባል ነገር በሩቁ ነው የሚያውቀው፤ ጽሕፈትዎን ግን ገና ሲያየው «ይሄማ የብርሃኑ እጅ ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ክርክር አልነበረም። ጥፋቱ ከመሻገሪያው ውጭ የገባው ሰው ነው ተባለ፤ እሱም ተቀበለ። ዕርቅ ወረደ፣ አባታችን ሆይ ተደገመ፣ ተበላ፣ ተጠጣ።

ስለ ሰውዬው ጠይቀውኛል። ዳሌው ሁለት ቦታ ተሰብሮ ስለነበር ገና በብረት መደገፊያ ነው የሚሄደው። ሳንዲ ስፕሪንግስ ያለ ሆስፒታል ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራ ነበር። ቀኑን ሙሉ በእግር የሚያስቆም ሥራ ስለሆነ ለጊዜው ትቶታል። ስሙን ብነግርዎም አያውቁትም።

ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አግኝቼ አንድ ጃኬትና የንባብ መነጽር ልኬልዎታለሁ። ለውለታዎ ምንም አይደለም።

ሰርፀ


አሰላ
ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰርፀ፣

ጃኬቱና መነጽሩ ደርሰዋል። ሁለቱንም ከነፌስታላቸው አስቀምጫቸዋለሁ። ያመጣቸው ሰውዬ ሲመለስ ይዟቸው ይመጣል።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ የአምባቸው እህት አጠገቤ አለፈች። ይህች ሴት እኔን አይታ ትከሻዬን ሳትስም አልፋ አታውቅም። አላየችኝም ብዬ ስሟን ጠራሁ። መንገዷን ቀጠለች። ሄራን ተከትላ ምን አጠፋን ብትላት «ሂሳቡን አሜሪካ ድረስ ልኮ በወንድሜ ላይ የፈረደበት እሱ አይደል ወይ?» አለቻት። ሄራን ይህን ለእኔ ለማሰማት ጆሮዬ ሥር መጮህ ነበረባት፤ ደጀ ሰላሙ ሁሉ አብሮ ሰማ።

ብነግርዎም አያውቁትም ነው ያልከኝ። አምባቸውን? ሁለት ዓመት ሙሉ ካንተ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጦ የተማረውን አምባቸውን? እንደዚህ ያለ ውሸት ሲጻፍ እጅ አይከብድም?

ይህ አንድ። ሁለተኛው ይብሳል። ቤቴ ገብቼ ደብዳቤህን ከሠራሁት ወረቀት ጎን አስቀምጬ አነበብኩት። እኔ የመጨረሻው ቬሎሲቲ ዜሮ ነው ብያለሁ። መስመሩ ባለቀበት ቦታ መኪናዋ ቆማለች ማለት ነው። አንተ ደግሞ የሰውየው ዳሌ ሁለት ቦታ ተሰብሯል ትላለህ። የቆመች መኪና ዳሌ አትሰብርም። ከሁለታችን አንዳችን የተሳሳተ ነገር ጽፈናል።

አምባቸው የት ነበር የቆመው? መስመሩ ካለቀ በኋላ መኪናዋ ምን ሆነች? ሰላምታውንም ዕድሜ ያርዝመውንም ተወውና ይህን ብቻ መልስልኝ።

ብርሃኑ


አትላንታ፣ ስኮትዴል
ኖቬምበር 20 ቀን 2024

ጋሼ፣

መልሱ ዘገየ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት።

ስሙን ደብቄዎታለሁ፤ ዋሽቻለሁ። ሁለታችንንም አስተምረዋል፤ ስሙን ካወቁ እጅዎ ወደ እሱ እንዳያዘነብል ፈራሁ።

መስመሩ የሚያልቀው አምባቸው ጋ ነው። ስትመታው ደንግጣ እግሯን ከፍሬኑ ላይ አነሳች። መኪናዋ ከዚያ ያለ ፍሬን ሄዳ የአንድ አፓርትመንት አጥር ጥሳ ነው የቆመችው። ጊቭኑ ውስጥ ያላስገባሁት ይህን ነው። የጻፍኩልዎ ግን ሁሉም እውነት ነው። 56 ጫማ ነው፣ ደረቅ ነው፣ 35 ነው። መኪናዋ ቆመች አላልኩም። እርስዎም አልጠየቁኝም።

አሁን እኔንም ይስሙኝ። አምባቸውን እኔ አልጠላውም። ኬንያ ስደተኛ ካምፕ አንድ ድንኳን ውስጥ አሥራ አራት ወር አድረናል። እዚህ ሲመጣም ኤርፖርት የተቀበልኩት፣ ያንን ሥራ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ግን ልጅ የወለደ ሰው ያውቀዋል። ሚካኤላ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። አንድ ወረቀት ላይ «በፍጥነት ነድታ ሰው ጎዳች» ተብሎ ቢጻፍ እዚህ አገር ዕድሜ ልኳን ይከተላታል። አምባቸው ዳሌው ይድናል። የሷ ስም ግን አይድንም ብዬ አሰብኩ። ደግሞም ከመሻገሪያው ውጭ መግባቱ ሐሰት አይደለም።

በሽምግልናው ቀን የሆነውን ባለፈው በሙሉ አልጻፍኩልዎም። ወረቀትዎ ተነቦ ሲያበቃ ለአምባቸው ሰጡት። ብዙ ጊዜ ወስዶ አየው። ቀና ብሎ እኔን ተመለከተኝ። ከዚያ ብረቱን ተደግፎ ተነሳና ሚካኤላን «ልጄ፣ መንገድሽ ላይ ገብቼ አስደነገጥኩሽ፤ ይቅር በይኝ» አላት። ሚስቱ አበባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሚካኤላ «ዳዲ፣ አይ ካንት» ብላኝ መታጠቢያ ቤት ገባች፤ እንግዶቹ እስኪሄዱ አልወጣችም። እኔ ሆዷን አሟት ነው ብዬ ምሳ አቀረብኩ።

ሰው ደግሞ አፉ አያርፍም። ለኢንሹራንስ ብሎ ራሱን መኪና ሥር ጣለ የሚሉ ተነሥተዋል። ወሬውን እኔ አልጀመርኩትም። አላስቆምኩትም እንጂ።

ይህን ሁሉ የምጽፍልዎ እንዲያውቁት ነው፤ ምንም እንዲያደርጉበት አይደለም። እባክዎ ጋሼ፣ ዕርቅ የወረደበት ነገር ነው። ይተዉት።

ሰርፀ


አሰላ
ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰርፀ፣

አልጠየቁኝም ብለሃል። ልክ ነህ። አርባ ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ የጻፍኳቸው መኪናዎች ሁሉ ፍሬን ሲይዙ ይቆማሉ። ፊታቸው ላይ ሰው ቆሞ አያውቅም። እጄ ከልማዱ ዜሮ ጻፈ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ካንተ ጋር አልካፈለውም። ያንተ ጥፋት ግን የእኔን ልማድ አውቀህ በዚያ መምጣትህ ነው። አምስት ጥያቄ ሳወጣ አራተኛው ምን እንደሚሆን ቀድመህ ታውቅ ነበርና ይህንንም አውቀኸዋል።

አሁን አስተካክዬ ሠርቼዋለሁ። መስመሩ ሲያልቅ መኪናዋ ትሄድ ነበር። ስለዚህ የመጨረሻው ቬሎሲቲ ዜሮ አይደለም። ስንት እንደነበር አላውቅም። ግን ዜሮ ብለን እንኳን 34 ማይል ተኩል መጥቶልናል። ከሕጉ በታች ያደረጋት ግማሽ ማይል ብቻ ነው። መኪናዋ አምባቸው ጋ ስትደርስ በሰከንድ ሁለት ሜትር ከስልሳ ሳንቲም ያህል ብትሄድ ያቺ ግማሽ ማይል ታልቃለች። ይህ ሶምሶማ የሚሮጥ ሰው ፍጥነት ነው። በሶምሶማ የመጣች መኪና የሰው ዳሌ ሁለት ቦታ ሰብራ፣ በዚያ ላይ አጥር አትጥስም። ስለዚህ ልጅህ ከ35 በላይ ነበረች። በምን ያህል እንደሆነ አልገምትም። መብለጧ ግን አያጠራጥርም።

አምባቸው ከመሻገሪያው ውጭ መግባቱን አልክድም። የእሱን ድርሻ ይውሰድ። አንተ ግን የሷንም ድርሻ ጨምረህ አሸክመኸዋል፤ የተጫነበትም በእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። ራሱን ጣለ እስከመባል የደረሰው በዚሁ ወረቀት ነው።

አዲሱን ወረቀት ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ፈርሜበታለሁ፤ ከላይ ስህተቱ የእኔ መሆኑን ጽፌያለሁ። ሦስቱን ሽማግሌዎች፣ አምባቸውንና አበባን በዚያው ሳሎን ሰብስበህ አንተው በአፍህ አንብበው። እስከ ገና ጊዜ አለህ። ካላነበብከው እኔ ራሴ እልክላቸዋለሁ። አንተ ብታነበው ይሻላል የምለው ለእኔ ብዬ አይደለም።

ብርሃኑ


አትላንታ
ዲሴምበር 22 ቀን 2024

ጋሼ፣

አላነበብኩትም፤ አላነበውምም።

ወረቀቱን ጋራዥ ቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ ከትቼው ነበር። ሚካኤላ የመኪናዋን ወረቀት ስትፈልግ አገኘችው። አማርኛ ማንበብ አትችልም። ቁጥሩን ግን አነበበች፤ ለቁጥር አስተርጓሚ አያስፈልግም። «ዳዲ፣ ይሄ ሰውዬ ፊገር አውት አድርጎታል። አንተ ግን እኔ ነግሬህ ኢቭን ለማንም አልተናገርክም» አለችኝ።

አዎ፣ ነግራኛለች። ያን ዕለት ከመንገዱ ዳር ስልክ ስትደውልልኝ መጀመሪያ የነገረችኝ ቁጥሩን ነው። በሰዓት አርባ አራት ማይል ላይ ነበረች። ቀና ስትል አየችው፤ ፍሬን ከመያዟ በፊት ዓይኗ የፍጥነት መለኪያው ላይ ነበር። እኔ ለማንም እንዳትናገሪ አልኳት። ጠበቃ ብናማክር እሱም ዝም በይ ነው የሚልሽ አልኳት። ጋሼ፣ እኔ ከእርስዎ መልስ አልፈለግሁም። መልሱ ነበረኝ። የፈለግሁት ፊርማዎን ነው።

አሁን ዲኬተር ጓደኛዋ ጋ ገብታለች። ስደውል አታነሳም። የሕክምና ትምህርት ማመልከቻዬንም እሰርዛለሁ ብላ ለእናቷ ቴክስት አድርጋለች። ልጄን ላድን ብዬ ያደረግሁት ይህን ነው። ከዚህ በላይ ምን ይቀጡኛል? እርስዎ አሰላ ተቀምጠው አንድ ዜሮ አስተካከሉ። የሚያጡት ነገር የለም።

ከፈለጉ ይላኩት። እኔን ግን አያሳዩኝ።

ሰርፀ


አሰላ
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰርፀ፣

አታሳየኝ ብለሃል። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ታያለህ።

ገና አልፎ ወረቀቱን ለሽማግሌዎቹም ለአምባቸውም ልኬያለሁ። አርባ አራቷን አላስገባኋትም። እሷ የልጅህ ናት፤ መናገር ከፈለገች ራሷ ትናገራት። ስልክህን አላነሳ ካለችህ፣ ያስተማርካት ዝምታ አልዘለቃትም ማለት ነውና በዚህስ ደስ ይበልህ።

ሽማግሌዎቹ በአራት መስመር መለሱልኝ። ዕርቅ የወረደበትን ነገር መቀስቀስ ኃጢአት ነው ይላሉ። ዘመኑን የሰላም ያድርግልዎ ይላሉ። ወረቀቱን ለማንም አላነበቡትም። እንግዲህ እንዳሰብከው ሆኖልሃል፤ በአትላንታ ያለ የአሰላ ሰው ሁሉ ፊት አምባቸው እስከ ዛሬ ጥፋተኛ ነው።

የአምባቸው መልስ የመጣው ትናንት ነው። ቃል በቃል እገለብጥልሃለሁ።

«ጋሼ፣ ባልደከሙ ነበር። ስህተቱን ያየሁት ወረቀቱ እጄ የገባ ዕለት ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ መኪናዋን አቁመዋታል፤ እኔ ጥያቄው ውስጥ የለሁም። አፌን ልከፍት ነበር። ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እርስዎን ላርም? ሰርፀ ያውቀዋል፣ እሱ ይናገር ብዬ አየሁት። አንገቱን ደፋ። ከዚያ ተነሥቼ ይቅርታ መጠየቁ ቀለለኝ። ለልጆቼም ጥፋቱ የእኔ ነው ብያቸዋለሁ። አሁን ተመልሼ መምህሬ ተሳስቶ ነው አልላቸውም። ስለዚህ የላኩትን አስቀምጬዋለሁ። አበባም አላየችውም።»

ይህን ሳነብ አጠገቤ የነበረችው ሄራን «እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው» አለች። አንተም እንደዚያ ትል ይሆናል። ጨዋነት አይደለም፤ እኔ ያስተማርኩት ነው።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳላችሁ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ስሠራ አምባቸው እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ የአክስለሬሽኑ ኔጌቲቭ ቀርቷል» አለኝ። አንተ አጠገቡ ነበርክ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ በጆሮው ይዤ አስወጣሁትና እስከ ምሳ ሰዓት ፀሐይ ላይ አንበረከክሁት። ስትወጡ ሁላችሁም በአጠገቡ አለፋችሁ፤ እኔም አለፍኩ። ማታ ቤቴ ደግሜ ሠራሁት። ኔጌቲቩ ቀርቶ ነበር። በማግስቱ ሰሌዳው ላይ አስተካክዬ ጻፍኩት፤ ለእሱ ግን ምንም አላልኩትም።

ብርሃኑ